ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ፓርክ ከሕፃናት ጋር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለድሬ ሰው አዋሽ ፓርክ የመንገድ ላይ ነገር ነው። አዲስ አበባ ስንሄድ በአውቶቡስ መስኮት አንገታችንን አስግገን «ያ ሳላ ነው ወይስ ፍየል?» እየተባባልን እናልፈዋለን እንጂ ወርደን የምንገባ ጥቂቶች ነን። እኔ ሁለት ልጆቼን ይዤ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ወንዱ 6፣ ሴቷ 3 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚራ ሰፈር ቡና ስንጠጣም፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ስንጠብቅም የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ፓርኩ ውስጥ እሳተ ገሞራ አለ ይባላል። ልጅ ይዞ መሄድ እብደት አይሆንም?

እብደትስ አይደለም፤ ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ተራራው ፈንታሌ ይባላል። ከፍታው 2,007 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ቅልጥ አለት ያፈሰሰው ከ200 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ተኝቷል ሲባል በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምክንያቱ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ተራራ ባለው መስመር ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ስንጥቅ ይዞ መግባቱ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ባሰበት፤ የትልቁ መንቀጥቀጥ መጠን በመለኪያው 6 ገደማ ደረሰ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች ሌሊት ተነስተው ወጡ። ዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ፈነዳ። በአፋርም በኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተነሳ። ቅልጡ አለት ግን ገጸ ምድር ላይ አልወጣም።

በኅዳር 2018 አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሄደው ሃይሊ ጉቢ ሌላ ተራራ ነው። ያለው ሰሜን አፋር ኤርታሌ አጠገብ፣ ከአዋሽ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እናቴ ዜናውን ሰምታ «ያ ልጆቹን የወሰድሽበት ነው?» ብላ በሌሊት ደውላልኛለች።

የእኔ ደንብ ይሄ ነው። ከመነሳቴ በፊት ባለው ሳምንት ወደ ፓርኩ እደውላለሁ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ምን እያለ እንደሆነም አያለሁ። መሬቱ በዚያ ሰሞን እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ጉዞው ይቀራል፤ ተራራው የትም አይሄድም። እዚያ ሳላችሁ መሬቱ ቢነቃነቅ ከአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ ጠርዝ፣ ከገደል አፋፍና ከድንጋይ ግድግዳ ሥር ርቃችሁ ሜዳ ላይ ቁሙ።

በየት በኩል ነው የሚኬደው? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከድሬ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ ቁልቢን፣ ጨለንቆን፣ ሂርናንና አሰበ ተፈሪን አልፎ፣ ወደ ሚኤሶ ወርዶ አዋሽ ሰባት ከተማ ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሐረር የሚነሱ በአለማያ መጥተው ደንገጎ ላይ ይገናኙናል። ያለ ልጅ ቶሎ ይደረሳል። ከልጅ ጋር «ሽንቴ መጣ»፣ «ውኃ ጠማኝ»፣ «ደረስን ወይ?» ሲደመር የኛ ጉዞ ሰባት ሰዓት ወስዷል።

ደንገጎ የልጅን ሆድ ያገላብጣል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ወተትና ፉል አታብሉ፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ፌስታል በእጅ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ጠረኑ ማቅለሽለሽ ያስታግሳል ብላ አያቴ ግማሽ ሎሚ ታሲዘን ነበር፤ እኔም እይዛለሁ። ልብሱን ደግሞ ደርቡላቸው፦ ድሬ ላይ በቲሸርት የተነሳ ልጅ ቁልቢ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኤሶ ሲደርስ ሹራቡን ካላወለቁለት በላብ ይጠመቃል።

ይህን ዳገት ስትወጡ ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ደንገጎ የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ነው። ድሬዳዋ ከግድግዳው ሥር ናት፣ አዋሽም እንዲሁ ከታች ነው። ስለዚህ ከሸለቆው ወጥተን፣ በአፋፉ ሄደን፣ ተመልሰን ወደ ሸለቆው እንገባለን ማለት ነው። ልጄ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ለምን በታች በታቹ አንሄድም?» አለኝ። ልክ ነው፤ ባቡሩ የሚሄደው በታች በታቹ ነው።

እንግዲያው በባቡር ብንሄድስ?

ለልጆች ከመኪና ይልቅ የሚጥም ነገር ነው፤ ተነስተው ይቆማሉ፣ በመስኮት ግመል ይቆጥራሉ። አዋሽ ላይ ጣቢያ አለ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጉዞው ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ጣቢያ ሄዶ ማጣራት ግድ ነው፣ የድሬው አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ይላል። ሁለተኛ፣ አዋሽ ከወረዳችሁ በኋላ ፓርኩ ውስጥ በእግር ስለማይኬድ መኪና መኮናተር አለባችሁ። አዋሽ ሰባት ካደራችሁ የድሮውን ጣቢያና ቡፌውን አሳዩአቸው። ያ የድሮው የባቡር መስመር ነው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬ ደርሶ ከተማችንን የወለዳት።

ልጁ ስንት ዓመት ቢሆነው ይመረጣል?

ከአራት በላይ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አያቱ ጋ ቢቀር እሱም ያርፋል እናንተም ታርፋላችሁ። ለእሱ ሳላና የጎረቤት ፍየል አንድ ናቸው፤ ሙቀቱ ብቻ ይተርፈዋል።

መቼ እንሂድ?

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ልክ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን ተዉት፤ «እኛ የድሬ ልጆች ነን፣ ሙቀት ምን ያደርገናል» የሚሉ አሉ፣ ግን ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ጥላ ሥር ወይም ቤት ውስጥ ነን። እዚያ ሜዳ ላይ ያለው ግራር የልጅ ራስ እንኳ አይሸፍንም። ሐምሌና ነሐሴ ፏፏቴው ሞልቶ ያጓራል፣ የፓርኩ ጥርጊያ መንገድ ግን ይጨቀያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ዋዜማና ማግስት በዚያ መንገድ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ለበዓሉ ከሆነ የምትሄዱት መልካም፤ ለሽርሽር ከሆነ ግን ከመኪና ሰልፍ መሀል ትውላላችሁ።

ከልጆቹ ጋር ፈንታሌ ላይ መውጣት እንችላለን?

አይቻልም። አዋቂ እንኳ ከንጋት በፊት ተነስቶ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰውና ስካውት (የፓርኩን ጥበቃ) ይዞ ነው የሚወጣው። አናቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ግድግዳው እስከ 500 ሜትር ይደርሳል። ከታች ሆናችሁ እዩት። ለልጅ ተራራ ከሩቅም ተራራ ነው።

እሳተ ገሞራ ምን እንደሆነ ለልጅ እንዴት ላስረዳ?

በገንፎ። የምሬን ነው። ገንፎ ሲቀርብ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበት የለ? ተራራው ገንፎው ነው፣ ጉድጓዱ አናቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ፣ ቀዩ ቅቤ ደግሞ ቅልጡ አለት። ጎኑን በማንኪያ ስትነኩት ቅቤው በስንጥቁ ሾልኮ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ፈንታሌም የዛሬ 200 ዓመት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በአናቱ ሳይሆን በደቡብ ጎኑ ተሰንጥቆ ነው የፈሰሰው። ሴቷ ልጄ አሁን ገንፎ በቀረበ ቁጥር «እኔ ልሰንጥቀው» ትላለች፤ ገበታው ላይ የሚደርሰውን አትጠይቁኝ።

ከገንፎው ቀጥሎ መተሐራ አጠገብ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አሳዩአቸው። ከአዋሽ ሰባት ትንሽ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ መሄድን ይጠይቃል፣ ግን ይገባዋል። አስፋልቱ ዳርና ዳር ከሰል የተደፋበት የመሰለ ሜዳ ነው። ጠጋ ብላችሁ አንዱን ድንጋይ ብታዩት እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው፤ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሠርቶ የቀረ ነው። ልጄ አንዱን ድንጋይ ይዞ ዓይኖቹን ሲቆጥር 40 ላይ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ። ፓርኩ ውስጥ ካየነው እንስሳ ሁሉ በልጦ እስካሁን የሚያወራው ስለዚያ ድንጋይ ነው። ጠርዙ ስለት ስለሆነ ሰንደል ሳይሆን ሽፍን ጫማ ያስፈልጋል።

እዚያው ጎን ያለው ሐይቅ በሰቃ ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት እያደገ መጥቶ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን ተፈታትኗል። ውኃው ጨዋማ ነው፣ አይጠጣም፣ ልጅም አይነከርበትም።

ምን ምን እንስሳ እናያለን? አንበሳስ?

አንበሳ አለ ይባላል፣ እኔ አላየሁም፤ ለልጅም «አንበሳ እናያለን» ብላችሁ አትሂዱ፣ ቀኑን ሙሉ «የታለ?» ይላችኋል። የምታዩት ሳላ ነው። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ስሙንም ከእሱ ነው ያገኘው የሚመስለው። ቀጥ ያሉ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች አሉት፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች አንድ ይመስላሉ። ከእሱ ሌላ የሜዳ ፍየል፣ አምባራይሌ፣ ከርከሮ፣ እንሹና ዝንጀሮ አለ። ዕድል ከቀናችሁ ሰጎንም ታያላችሁ። የወፉ ዓይነት ከ400 በላይ ነው።

ልጆቹ የወደዱት ከርከሮን ነው። ሣር ሲግጥ የፊት እግሮቹን አጥፎ ይንበረከካል፣ በጉልበቱ እየተራመደ ይበላል። ሲሮጥ ደግሞ ጭራውን እንደ አንቴና ቀጥ ያደርጋል። ሁለቱም መኪና ውስጥ ተንበርክከው ሲያስመስሉት ነበር።

ጅብም አለ። ለሐረር ልጅ ግን ጅብ ምን ብርቅ ነው? ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ በእንጨት ሲጎርስ አይቶ ያደገ ነው። የሐረሯ እህቴ ልጅ «የዚህኛው ጅብ ስም ማን ነው?» ብላ ስካውቱን ጠየቀችው። እዚህ ስም የለውም፣ ማንም አይጠራውም ብሎ ሲመልስላት አዘነችለት።

እንስሳው የሚታየው ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጠዋት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ሌላው ጊዜ ሁሉም ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ እናንተም እንደዚያው ሁኑ።

ፏፏቴው ለልጅ አደገኛ ነው?

ጠርዙ አደገኛ ነው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከታች ያለው ወንዝ ውስጥ አዞ አለ። እጅ ለእጅ መያያዝ ብቻ ሳይሆን አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ ይመደብ። እኛ አራት አዋቂ ሆነን ሁላችንም ፎቶ ስናነሳ ትንሿን ማንም እንዳልያዛት የነቃነው ስካውቱ ክንዷን ሲይዛት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዝንጀሮዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከፏፏቴው አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል፤ አንደኛው ወንዱ ነጣ ያለ ጋማ ያለው የቆላ ዝንጀሮ፣ ሌላው ጠቆር ያለው። ሁለቱ ተዳቅለው ስለሚወልዱ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኗቸዋል። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ ግን ይሄ ነው፦ ሙዝ የያዘ ልጅ ለዝንጀሮ የተዘረጋ ገበታ ነው። ምግብ መኪና ውስጥ ተበልቶ ይለቅ፣ መስኮትም ይዘጋ።

ልጅ ውኃውን ሲያይ «ወዴት ነው የሚሄደው?» ማለቱ አይቀርም። ቆንጆ መልስ አለው፦ አዋሽ ባሕር አይገባም። ከሸዋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። «ከዚያስ?» ካለ ፀሐይ ትጠጣዋለች በሉት።

ፍልውሃው ጋ እንሂድ?

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ፍልውሃ በፓርኩ ሰሜን ጫፍ ያለ፣ ዘንባባ የከበበው፣ ውኃው ሰማያዊ የሆነ ውብ ቦታ ነው። ሁሉም «እሱን ሳታዩ?» ይላል። በመጀመሪያው ጉዟችን እኛም ተከትለን ሄድን። መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ በቀስታ ተጓዝን፣ የደረስነው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የሚፈላ ውኃ። ልጄ ጣቱን ነክሮ ጮኸና መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ትንሿ ፊቷ ቀልቶ እንባ የሌለው ለቅሶ ስታለቅስ ነው ውኃ እንዳለቀባት የገባኝ። ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠን በማንኪያ በማንኪያ ስንሰጣት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ ሽንቷ ሲመጣ ነው ሁላችንም የተነፈስነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ ፍልውሃን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ከሄዳችሁ በጠዋት ይሁን፤ ምንጩ የሚፈልቅበት ቦታ ያቃጥላል፣ ቀዝቀዝ ያለው ወራጅ ውስጥ ደግሞ አዞ ሊኖር ስለሚችል የአካባቢው ሰው ወይም ስካውት «እዚህ» ካላለ በቀር አትንከሩ። እንባ ያጣ ለቅሶ፣ የደረቀ ከንፈር፣ ለሰዓታት ያልመጣ ሽንት ወይም መፍዘዝ ካያችሁ ጉብኝቱ በቃ፤ ጥላ፣ ኦ አር ኤስ፣ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ።

ምን ምግብና ውኃ እንያዝ?

ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ከሦስት ሊትር አያንስ፤ ሃይላንዱ በካርቶን፣ ለመታጠቢያ ደግሞ አንድ ጀሪካን። ከምግብ የማይበላሽ፦ ጠዋት የተጋገረ ፈጢራ፣ ዳቦ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ብርቱካን። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አትያዙ፤ እኔ ይዤ ጉንዳን፣ ንብና የሚያጣብቅ ወንበር ነው የተረፈኝ። ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ በዚያ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይታመንም።

ወባ አለ?

አለ። እኛም ድሬ ላይ እናውቀዋለን፤ በ2014 ከተማችን ውስጥ የተነሳው ወረርሽኝ ስቴፈንሳይ ከምትባለው፣ በበርሜልና በታንከር ውኃ ከምትራባው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። አዋሽ ካደራችሁ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከምሽት በፊት ረጅም እጅጌ አልብሷቸው። ለሕፃን የሚሆን ቅባትና መድኃኒት ጤና ባለሙያ ይምረጥላችሁ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላም ሆነ ከወር በኋላ ልጁ ካተኮሰው «ጉንፋን ነው» ሳትሉ አስመርምሩት፣ አዋሽ እንደነበረም ተናገሩ።

በቪትዝ ይገባል?

ከዋናው በር እስከ ፏፏቴው በደረቅ ወቅት ቀስ ብሎ ይገባል። ወደ ፍልውሃ አይሞከርም።

የመንገዱ ሰላምስ?

ይህን ከእኔ አትስሙ። በሚሄዱበት ሳምንት ከአውቶቡስ ሹፌሮች ጠይቁ፤ በቀን ብቻ ተጓዙ፤ ከአመሻሹ 11 ሰዓት በፊት ማረፊያችሁ ግቡ። ሹፌሩ ለድካም ጫት የሚቅም ከሆነ እኔ በበኩሌ ልጆቼን አላሳፍርም።

ማደር ያስፈልጋል?

ከድሬ ለሚነሳ አዎ፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ልጅ ላይ መጨከን ነው። ፏፏቴው አጠገብ ሎጅ አለ፣ አዋሽ ሰባት ከተማ ውስጥ ደግሞ እንደየኪሱ ሆቴል ይገኛል። ጠዋት ከመልበሳቸው በፊት ጫማቸውን ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ጊንጥ አለ።

ልጄ ድንጋይ ወይም ላባ ይዤ ልሂድ ቢለኝስ?

ከፓርኩ ምንም አይወጣም፤ ድንጋይም፣ ላባም፣ የሞተ ቀንድም። በር ላይ ከመፈተሽ በፊት ኪሱን ራሱ እንዲያራግፍ አድርጉ። የኔው ልጅ ሦስት ጠጠር አወጣ፣ ስካውቱ «ከየት አነሳኸው?» አለው፣ ልጁም በትክክል ያውቀው ነበር፤ አንዱን ከሰጎኗ አጠገብ፣ ሁለቱን ከፏፏቴው። ወደዚያ መመለስ ስለማይቻል በሩ ሥር በሰልፍ ደርድሯቸው ወጣን።